መጋቢት 13 አካባቢ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምሽቶ ድንገት አባርቷል፤ የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ሳይሆን አይቀርም። በግራ ጎኔ ተኝቼ ስለነበር የልቤ ምት ትራሱ ውስጥ ይሰማኛል። ሰሞኑን የከበደኝ ነገር አለ። ይህን ማስታወሻ የከፈትኩትም ስለ እሱ ልጽፍ ነበር። ምቱ ግን አላስችል አለኝ። ይህ ነገር መምታት የጀመረው መቼ ነው?

ከተፀነስን በኋላ በ22ኛው ወይም በ23ኛው ቀን ገደማ ነው። ያን ጊዜ ፅንሱ የሰሊጥ ፍሬ ቢያክል ነው። የእናቲቱ የወር አበባ ከቀረ ገና አንድ ሳምንት አካባቢ ስለሆነ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አላወቁም። ልቡም ገና ቱቦ ነው፤ ከግራና ከቀኝ የመጡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች መሀል ላይ ተገናኝተው አንድ ሆነዋል። ነርቭ አልደረሰበትም፤ ምታ ብሎ ያዘዘው የለም። አንዷ ሕዋስ ስትኮማተር ጎረቤቷን ትቀሰቅሳለች፣ ያችኛዋም ቀጣዩዋን፤ እንዲህ እያለ ደም መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ከዚያ ቱቦው ይረዝማል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ በውስጡ ግድግዳ ይበቅላል። እስከ ስምንተኛው ሳምንት አራቱ ክፍሎች ይለያሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ምቱ አይቆምም። እህል እየፈጨ ያለ ወፍጮ ሳይቆም እንደገና እንደሚሠራ አድርጌ አስበዋለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ይደንቀኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ቦታው ነው። ልብ የሚሆነው ሕብረ ሕዋስ መጀመሪያ የሚገኘው ከራስ ወዲያ፣ አንጎል ከሚሠራበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ጭንቅላቱ እያደገ ወደ ፊት ሲታጠፍ ከሥሩ ተጠቅልሎ ይገባና ደረት ላይ ያርፋል። እኛ ልጅ ነገር ሲለይ «ልብ ገዛ» እንላለን፤ አስተውል ለማለት «ልብ በል» እንላለን። ማሰብን ለልብ የሰጠ ቋንቋ ይዤ ልብ ከአንጎል ፊት እንደነበረ ሳነብ፣ ምንም እንደማያረጋግጥ እያወቅኩ ደስ አለኝ።

እንቅልፉ እንደሆነ ሄዷል፤ ስለዚህ መቁጠር ጀመርኩ። የተወለድኩት ኅዳር 12 ነው። እናቴ «በሚካኤል ዕለት» ነበር የምትለው፤ ቁጥሩን ጠርታው አታውቅም። ከፅንስ እስከ ልደት 266 ቀን ገደማ ነው። 22 ሲቀነስ 244 ይቀራል። ጥቅምትን፣ መስከረምን፣ ጳጉሜን አለፍኩ፤ ክረምቱን አለፍኩ። ጥቂት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል እንጂ መጋቢት 13 ላይ አረፈ።

ሁዳዴ ነው።

እናቴ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ነበር የምትጾመው። እንግዲህ የእኔ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመታው ባዶ ሆዷን በዋለች ሴት ውስጥ ነው ማለት ነው። ለቤተሰቡ ሽሮ እየሠራች ይሆናል፤ ከቅዳሴ እየተመለሰችም ይሆናል። ወይም ሌሊት ነበር፤ እሷም እንደ እኔ እንቅልፍ አጥታ የራሷን ልብ ስታዳምጥ፣ ከሥሩ ሌላ መጀመሩን ሳታውቅ።

የተወለድኩበትን ዕለት ከነአዋላጇ፣ ከነጎረቤቱ፣ ገንፎውን ካገነፋችው ሴት ጭምር ነግራኛለች። ዛሬ ብትኖር ጠዋት ደውዬ ስለዚያ ስለ መጋቢቱ ቀን እጠይቃት ነበር። ግን ምን ብዬ? ለእሷ ያው እንደ ሌላው የጾም ቀን ያለፈ ቀን ነው።

ያን ዕለት በጣም ርቧት ይሆን?