ባለ 250 ኦሙ ሄድፎንና የከረሜላ ቆርቆሮው አምፕ

የሄድፎን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የሚነካኩ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ሁሉ ድምፁን ስለሚያጎላው ቺፕ፣ ስለ አይሲ ነው። ይሄኛው ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ያኛው ጥርት ያለ ነው ይባላል። እኔ አምፔን ቁራጭ በቁራጭ እየቀየርኩ ስሄድ ያገኘሁት ሌላ ነው። ጆሮዬ ላይ ለውጥ ያመጡት ዋጋ የሌላቸው ሬዚስተሮችና የድንጋዩ ቮልት ናቸው። አይሲ ስቀይርም ለውጥ ሰምቻለሁ፣ ግን ምክንያቱ ቃና አልነበረም።

አምፑ ሲሞይ ይባላል። ቹ ሞይ የተባለ ሰው የነደፈው የኪስ አምፕ ነው። ብዙ ሰው በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ይሠራዋል፣ እኔም እንደዚያው። ባለ ሁለት ቻናል ኦፕ-አምፕ (አይሲው ማለት ነው) አንድ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ። በቃ። ድንጋዩ በሁለት እኩል ሬዚስተሮች፣ እያንዳንዳቸው 4.7 ኪሎኦም (ኦም ከረንትን የመገደብ መለኪያ ነው)፣ ለሁለት ይከፈልና መሃሉ ግራውንድ፣ ማለትም ዜሮ ቮልት ተብሎ የሚቆጠረው ነጥብ፣ ይሆናል። ይህቺን መሃል ያዙልኝ።

የማዳምጥባቸው ሁለት ናቸው። ቤት ውስጥ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ፣ ባለ 250 ኦሙ። ታክሲ ላይ ደግሞ ባለ 16 ኦም ኢርፎን፤ በእያንዳንዱ ጆሮ ከአንድ በላይ ድምፅ ማውጫ አለው። ሁለቱ አምፑን የሚጠይቁት ነገር ለየቅል ነው። ኦሙ ከፍ ያለው ቮልት ይፈልጋል፣ ከረንት ብዙም አይጠጣም። ኦሙ ዝቅ ያለው በትንሽ ቮልት ይጮኻል፣ ከረንት ግን ይስባል።

የዲቲ 990ን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሳወጣው ብዙ ነገር ገባኝ። ፋብሪካው በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይላል። በ250 ኦም ላይ 1 ሚሊዋት ማለት ግማሽ ቮልት ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጨመራል። ስለዚህ 1 ቮልት 102፣ 2 ቮልት 108 ይሰጣል። ስልኬ እስከ ጫፍ ሲከፈት ከ1 ቮልት አያልፍም። ለዘመኑ ዘፈን እሱም ይበዛል። እኔ ጋ ያሉት ከሸክላ የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ግን ዝቅ ብለው የተቀዱ ናቸው፣ ከበሮው ድንገት ሲመታ ብቻ ከፍ ይላሉ። ለዚህ ነው አምፕ ያስፈለገኝ።

መጀመሪያ የሰካሁት አይሲ ከሞተ ሲዲ ማጫወቻ የነቀልኩት ኤንኢ5532 ነው። ጥሩ አይሲ ነው፣ ስንትና ስንት ሚክሰር ውስጥ ይሠራል። እኔ ጋ ግን ድምፁ ከፍ ሲል ወዲያው ይሰነጠቃል። አንድ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ጋ ይዤው ሄድኩ። ክዳኑን ከፈቱና ቴስተራቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ድንጋዩ እኩል ተከፍሏል?»

«አዎ ጋሼ፣ ሬዚስተሮቹ እኩል ናቸው።»

«ሬዚስተሩን ተወው። ሄድፎኑን ሰካና ለካው እስቲ።»

ጥቁሩን ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን የድንጋዩ ጫፍ ላይ አደረግኩ። አንዱ ጎን ከ7 ቮልት በላይ፣ ሌላው ከ2 በታች። አራት ተኩል ለአራት ተኩል መሆን የነበረበት ሚዛን ወደ አንድ ወገን ሙሉ ለሙሉ ወድቋል። ድምፁ በወደቀው በኩል መወዛወዣ ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ሄድፎኑን ነቅለን የአምፑን መውጫ በዲሲ፣ ማለትም እንደ ድምፅ የማይወዛወዘውን ቮልት፣ ስንለካው ከ200 ሚሊቮልት በላይ አሳየ። ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት ማለት ነው።

ምክንያቱን ቤት ገብቼ አሰላሁት። የኤንኢ5532 መግቢያ ትንሽ ከረንት ይስባል፣ በተለምዶ 200 ናኖአምፒር። ሲሞይ መግቢያው ላይ 100 ኪሎኦም አለው። ሁለቱ ሲባዙ 20 ሚሊቮልት ይሆናል። አምፑ ደግሞ 11 ጊዜ ያጎላዋል፣ 220 ሚሊቮልት። ያ ዲሲ በሄድፎኑ በኩል ሲፈስ ሁለቱ ቀጭን ሬዚስተሮች መሃሉን መያዝ አቃታቸው። ከዚያም በላይ ይህ አይሲ ቢያንስ 10 ቮልት እንዲሰጠው ነው የሚመከረው። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ከመነሻው አይበቃውም።

የአክስቴ ልጅ ከዲሲ (ይቺ ደግሞ ከተማዋ ናት) ስትመጣ ኦፒኤ2134 የሚባል አይሲ አመጣችልኝ። የዚህ መግቢያ የሚስበው 5 ፒኮአምፒር ገደማ ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። በ5 ቮልትም ይሠራል። ሰካሁት፣ ለካሁ፣ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ። መሃሉም መሃል ላይ ቆመ። መሰነጠቁ ጠፋ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ኦፒኤ ድምፁ ይበልጣል» ብሎ ሊያወራ ይችላል። የተሻለው ግን ከሰርኪዩቱ ጋር መግባባቱ ነው። በኋላ ዲሲውን አስተካክዬ፣ በቂ ቮልት ሰጥቼ፣ ጓደኛዬ ሳላይ እየቀያየረልኝ ሁለቱን አዳመጥኩ። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ቀጥሎ የነካሁት ጌይኑን፣ የማጉላት መጠኑን ነው። አስራ አንድ ጊዜ ማጉላት ለማን እንደሚጠቅም እስካሁን አይገባኝም። ስልኬ 1 ቮልት ቢሰጥ አምፑ 11 ቮልት ማውጣት ሊኖርበት ነው፣ ድንጋዩ ግን 9 ብቻ። በዚያ ላይ ኢርፎኑን ስሰካ ቮሊዩሙ ገና ከመነሻው ፈቀቅ ሲል ይጮኻል። ርካሽ ቮሊዩም ደግሞ መነሻው ላይ ግራና ቀኙን እኩል አያደርግም፤ ዘፋኙ ወደ ግራ ጆሮዬ ይሄዳል። ጌይኑን የሚወስነውን ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከሁለቱም ቻናል አውጥቼ 2.2 ኪሎኦም በየድኩ። ጌይኑ 3.2 ሆነ። ከዘፈኑ ጀርባ የሚሰማው ሽሽታ ቀነሰ፣ ዘፋኙም ወደ መሃል ተመለሰ። ከሁሉም ለውጥ ያስደሰተኝ ይሄ ነው፣ ያወጣሁት ደግሞ የሁለት ሬዚስተር ዋጋ ነው።

ለዲቲ 990 ሁለተኛ ድንጋይ ጨመርኩ። 18 ቮልት ሲሆን ከበሮው ሳይታፈን ይወጣል። ኢርፎኑ ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም፣ ቮልት አልነበረም የቸገረው። ካፓሲተሮቹን ባለ 25 ቮልት ማድረግ አይዘንጋ። ቻርጅ የሚደረጉትን ባለ 9 ቮልት ድንጋዮች ስትገዙ ደግሞ ጽሑፉን በደንብ አንብቡ፤ ብዙዎቹ 8.4 ናቸው፣ 7.2 የሆኑም አሉ።

መውጫው ላይ የሚገባው ሬዚስተር ሌላ ጣጣ ነው። የኢርፎኑን ሽሽታ ጨርሶ ላጥፋ ብዬ 47 ኦም አስገባሁ። ሽሽታው በርግጥ ጠፋ። ግን ማሲንቆው ተቀየረ፤ የጭራው ፍትጊያ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ባሱ አበጠ። ብዙ ድምፅ ማውጫ ያለው ኢርፎን ኦሙ በየድምፁ ከፍታ ይለያያል። ከፊቱ ትልቅ ሬዚስተር ሲቆም ቮልቱ በየቦታው እኩል አይደርሰውም። የተለመደው መለኪያ የአምፑ መውጫ ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ አይብለጥ ነው። ለ16 ኦም 2 ኦም ማለት ነው። ያው 47 ኦም ዲቲ 990 ላይ ድምፁን አንድ ተኩል ዴሲቤል ያህል ቀነሰው እንጂ መልኩን አልነካም። አወጣሁት።

ዲቲ 990 ራሱ 8 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ሹል ነው። «ሰ» የሚል ፊደል በመጣ ቁጥር ጆሮ ይወጋል። አይሲ ቀየርኩ፣ ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ስልኬ ላይ ባለው ኢኳላይዘር እዚያችው ቦታ 4 ዴሲቤል አወረድኩና ተገላገልኩ። በነፃ።

ሰሞኑን ጓደኛዬ ለባለ 32 ኦም ሄድፎኑ ቫልቭ (እንደ ድሮ ሬዲዮ የሚበራ የመስታወት ቱቦ) ያለው አምፕ ሊገዛ ተነሳ፣ መውጫው ላይ ትራንስፎርመር የሌለው ዓይነት። እነዚህ ብዙ ጊዜ መውጫቸው በአሥር ቤት ኦሞች ነው፤ ለእኔው ባለ 250 ይሆናሉ፣ ለሱ ግን አይመስለኝም። «ሻጩን የመውጫውን ኦም ጠይቀው» አልኩት። ጠየቀው። ሻጩ የመብራቷን ቀለም የሚያሳይ ፎቶ ላከለት።