ሱሉልታ ላይ የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን ይዞ ግንቦት መድረስ

ጥቅምት ላይ 16 ልጅ መዝግቦ ልምምድ የጀመረ የኮሌጅ የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን፣ ግንቦት ላይ ስምንት ዘጠኝ ሆኖ ሜዳ ሲገባ ማየት የተለመደ ነው። አንዷን ጉልበቷ አስቀምጧታል፣ አንዷን ቁርጭምጭሚቷ። አንዷ በጾሙ መሀል ደክማ ቀርታለች። ሁለቱ ደግሞ ሦስት ጨዋታ ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያበቁ «ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ብለው ትተውታል። ሜዳ ላይ የሚሰለፉት ሰባቱ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ እዚህ ከፍታ ላይ 60 ደቂቃ ብቻቸውን አይዘልቁትም። ስለዚህ የአሠልጣኝ የመጀመሪያ ሥራው የልጆቹን ቁጥር መጠበቅ ነው ባይ ነኝ። ግቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተዘረጋችው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለረጅም ርቀት ሯጭ ይህ ሀብት ነው። የእጅ ኳስ ሩጫ ግን ቁርጥርጥ ነው፤ 20 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ መቆም፣ መጋፋት፣ መዝለል፣ እንደገና 20 ሜትር። የመጀመሪያዋ 20 ሜትር እዚህም ቆላም ያው ናት። ልዩነቱ በመሀል ትንፋሽ ለመሰብሰብ የሚፈጀው ጊዜ ላይ ነው። ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ ለትምህርት የመጣች ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራሷን ቢያማት፣ እንቅልፍ ቢነሳት፣ ደረጃ ስትወጣ ቢያለከልካት ሰነፍ ሆና አይደለም። የሩጫዋን መጠን በግማሽ ቀንሶ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። በመጀመሪያው ቀን አሩጦ ማታውኑ ስም ዝርዝር የሚለጥፍ አሠልጣኝ፣ ከሁሉ የተሻለ ክንድ ያላትን ልጅ ከቆላ በመምጣቷ ብቻ ሊጥላት ይችላል። ምርጫው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ስትመርጡም ሁለት በረኛ፣ ለቀሩት ስድስት ቦታዎች ደግሞ ሁለት ሁለት ልጅ ያዙ፤ 14 ይሆናሉ። ሁለት ትርፍ መያዝ አይጎዳም።

ሜዳው በደንቡ 40 በ20 ሜትር ነው። በብዙ ግቢ ያለው ግን ለቅርጫት ኳስ የፈሰሰ 28 በ15 ሲሚንቶ ነው። እዚያ ላይ ማጥቃትና መከላከል በግማሽ ሜዳ ይለመዳል፤ ፈጣን መልሶ ማጥቃት ግን 40 ሜትር ሳያገኙ አይለመድም፣ ለእሱ በሳምንት አንድ ቀን የእግር ኳሱን ሜዳ ተውሳችሁ ሩጡበት። መስመር ስታሰምሩ የ6 ሜትሩን በግምት ግማሽ ክብ አታድርጉት፣ ግማሽ ክብ አይደለም። 6 ሜትርና 9 ሜትር ላይ የተቋጠረ ሲባጎ ያዙ። አንዷ ጫፉን በግቡ ቋሚ ውስጠኛ የኋላ ጠርዝ ላይ ታጥብቅ፣ ሌላዋ ከግብ መስመሩ ተነስታ ሩብ ክብ ትዙር። በሌላኛው ቋሚም እንዲሁ። ሁለቱን ሩብ ክቦች ግቡ ፊት ለፊት 3 ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ መስመር አገናኟቸው፤ የግቡ ስፋት 3 ሜትር ስለሆነ ልክ ይገጥማል። የ9 ሜትሩ በዚያው መንገድ ይዞራል፣ 15 ሴንቲ ሜትር መስመር፣ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት እየተደረገ። በኖራ አታስምሩ፤ ልጆቹ ይወድቁበታል፣ ብናኙ ዓይን ያቃጥላል። የዘይት ቀለም ደግሞ ጤዛ ሲያርፍበት ያንሸራትታል። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ላይ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ጣል ማድረግ ይሻላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት እዚህ ውርጭ አለ። ከሩቅ ሲሚንቶው ደረቅ ይመስላል፣ ዝቅ ብሎ በመዳፍ ሲነኩት ግን ያዳልጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያንን ሳያዩ ልጆችን ማስሮጥ ቁርጭምጭሚት መግዛት ነው። ፀሐይ እስኪመታው፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ በሣሩ ላይ ሥሩ። ግቡንም ከመሬቱ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት። ያልታሰረ ግብ ላይ ልጅ ስትንጠለጠል ተገልብጦ ይወድቃል፤ በዚህ መንገድ ሰው የሞተባቸው አገሮች አሉ።

ኳሱ ለሴቶች ቁጥር 2 ነው፤ ዙሪያው ከ54 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ325 እስከ 375 ግራም። የወንዶቹን ቁጥር 3 ተውሶ መለማመድ ይቅር። ጣት አይዘልቀውም፣ ስለማይያዝ ውርወራው ከእጅ አንጓ መሆኑ ቀርቶ ከትከሻ ብቻ ይሆናል፣ ትከሻውም ውሎ አድሮ ይታመማል። ለ16 ልጅ ስምንት ኳስ ካለ መልካም ነው፣ ሲሚንቶ ግን ቆዳውን ስለሚበላው የጨዋታውን ኳስ ለብቻ አስቀምጡ። የአየሩን ነገር ብዙዎች አይጠረጥሩትም። ሱሉልታ ላይ በልኩ የተነፋ ኳስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ወደምትገኘው አዳማ ሲወርድ ይለሰልሳል፤ እዚያ ያለው የውጭ አየር ግፊት ይበልጣልና። የነጠረ ኳስ ከእጅ በታች ሲቀር ልጆቹ «ዛሬ እጃችን እንቢ አለ» ይላሉ፣ ጥፋቱ ግን የኳሱ ነው። ፓምፑና መርፌው አብረው ይጓዙ፤ ሜዳው ላይ ደርሳችሁ፣ ኳሱ ከመኪናው ሙቀት ከበረደ በኋላ፣ አፉ አጠገብ በተጻፈው ልክ ንፉት። መርፌውን ሳያርሱ መክተት አፉን ይቀደዋል። ሌላም አለ፤ እዚህ የለመደች በረኛ አዳማ ላይ የምትወረውረው ረጅም ኳስ አየሩ ስለሚይዘው ትንሽ አጥሮ ይወርዳል። ከጨዋታው በፊት አሥር ረጅም ኳስ ለክንፎቿ ትወርውር።

አሁን ወደ ጉልበት። ብዙ ወቅት የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። በእጅ ኳስ የፊተኛው የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካት ነው፤ ወይ ዘልላ ተኩሳ በአንድ እግር ስታርፍ፣ ወይ ተከላካይ ለማለፍ እግሯን ተክላ አቅጣጫ ስትቀይር። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጎዱበታል። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ልጅ ስትተኩስ ቆማችሁ ግራ እግሯን ብቻ ተመልከቱ። የምትነሳውም የምታርፈውም በእሱ ነው። መሬት በነካችበት ቅጽበት ጉልበቷ ከእግሯ ጣቶች በላይ ቀጥ ብሎ ከታጠፈ ደህና ነው። ወደ ሌላኛው ጉልበት ወደ ውስጥ ከዞረ፣ ወይም ሳይታጠፍ ደርቆ ከወረደ፣ አደጋው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ስትደክም ይብሳል፤ መጀመሪያ ላይ አሳምራ ያረፈችው ልጅ ከ50 ደቂቃ በኋላ እንዴት እንደምታርፍ እዩ። ጫማም አለበት። በጣም የሚነክስ አዲስ ጎማ ሶል ሲሚንቶ ላይ እግሩን ሲተክለው አካሉ ይዞራል፣ ጉልበት ግን አይዞርም።

በኖርዌይ ከ1,800 በላይ ወጣት የእጅ ኳስ ተጫዋቾች የተሳተፉበትና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተዘጋጀ ሰውነት ማሟሟቂያ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። አሠራሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 15 ልምምዶች በተከታታይ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ይሠራል። ምንም ውድ ነገር አይፈልግም። ቀለል ያለ ሩጫና አቅጣጫ መቀየር። ከዚያ በአንድ እግር ቆሞ ኳስ መቀባበል፤ የሚዛን ሰሌዳ ከሌለ የተቆረጠ የስፖንጅ ፍራሽ ይበቃል። ከዚያ ዘልሎ ተኩሶ በሁለት እግር፣ ጉልበት አጥፎ ማረፍ። በመጨረሻ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዷ ተንበርክካ ሌላዋ ቁርጭምጭሚቷን መሬት ላይ ይዛላት፣ ጀርባዋን ሳታጥፍ በጣም ቀስ እያለች ወደ ፊት መውረድ። ይህቺ የኋላ ጭን ጡንቻን ታጠነክራለች፤ በ5 ጀምራችሁ በሳምንታት ውስጥ 10 አድርሷት። በማግሥቱ ያማል፣ ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አትጀምሯት። በረኛዋ ለብቻዋ ትሟሟቅ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ኳሶች ቀስ ብለው ወደ እጇ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ላይኛው ጥግ በመጨረሻ። በቀዝቃዛ ሰውነቷ ፊት ለፊቷ ላይ መተኮስ ጭካኔ ነው። በጨዋታም ቢሆን ተከላካይ በሌለበት ሁኔታ የበረኛን ጭንቅላት የመታች ተኳሽ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ደቂቃ ከሜዳ በመውጣት ትቀጣለች።

የካቲት ሲገባ ሌላ ፈተና ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ቡድን ውስጥ ሁለቱም ካሉ የልምምዱ ሰዓት ከ11 እስከ 12 ተኩል ቢሆን ለሁሉም ይመቻል፤ እስከ 9 ሰዓት የምትጾመዋ በልታ ሁለት ሰዓት ይሆናታል፣ ረመዳን የያዘችው ደግሞ ልምምዱ ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ታፈጥራለች። ውኃና ቴምር ሜዳው ዳር ይጠብቃት። ጠንካራውን ሩጫ በሳምንት ወደ አንድ ቀን አውርዱ፣ ቀሪውን ለቅንብርና ለ7 ሜትር የቅጣት ውርወራ አውሉት። በጾም ምግብ ጉልበት የለም የሚለው ስሕተት ነው፤ በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ፣ ተልባ በደንብ ከተበላ ይዘልቃል። የሚያንሰው ብረት ነው፣ በተለይ የወር አበባዋ ለሚበዛባት። ምስሩን በልታ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና ከጠጣች ሰውነቷ ብረቱን በደንብ አይወስደውም። አንድ ሰዓት ቆይታ ትጠጣ። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ መብላት ያግዛል። ዓይኗ ሥር ነጣ ያለች፣ ሩጫዋ ያለ ምክንያት የወረደ ልጅ ክኒን ከመግዛቷ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር። የኳሱ ከረጢት የጎን ኪስ ውስጥ ሞዴስ ሁልጊዜ ይኑር፣ ማን እንደወሰደ አይጠየቅ፤ ቁምጣውም ጥቁር ይሁን። ነጭ ቁምጣ ገዝቶ «ለምን ቀራችሁ?» ማለት አይቻልም።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። በበረዶ ሆኪ አንዲት ተጫዋች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የምትቆየው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ ሙሉ ኃይሏን ጨርሳ ትወጣለች፣ ሌላዋ ትገባለች፣ ቆይታ ትመለሳለች። እጅ ኳስም ይህን ይፈቅዳል። ቅያሬ ገደብ የለውም፣ ሰዓት ያዥ አይጠየቅም፣ ጨዋታ አይቆምም። የኛ አሠልጣኞች ግን እንደ እግር ኳስ ተቆጥሮ የተሰጠ ይመስል ይሰስቱታል። ክንፎችና ጎን ተኳሾች በየ6 እና በየ8 ደቂቃው ይቀየሩ። መቀየሪያው ከመሀል መስመሩ 4 ሜትር ተኩል ድረስ ብቻ ነው፣ ወጪዋ ሙሉ በሙሉ ሳትወጣ ገቢዋ ከረገጠች ሁለት ደቂቃ ትቀጣለች። ስለዚህ ቅያሬውን ራሱን ተለማመዱት፤ ወጪዋ መስመሩን ስታልፍ የገቢዋን መዳፍ ትምታ፣ ሳትመታ ማንም አይገባም።

ሁለት ደቂቃ ቅጣት ላይ ደግሞ ልዩነት አለ። በበረዶ ሆኪ በቀላል ጥፋት የሁለት ደቂቃ ቅጣት ላይ ሳላችሁ ግብ ከገባባችሁ ቅጣቱ ያበቃል። በእጅ ኳስ አያበቃም፤ ሦስት ግብ ቢገባም በስድስት ሰው ሆናችሁ ሁለቱን ደቂቃ ትጨርሳላችሁ። ሦስተኛው ሁለት ደቂቃ ቀይ ካርድ ነው። ሁለት ጊዜ የተቀጣችውን ተከላካይ አውጥታችሁ በማጥቃት ብቻ አስገቧት። በጎደሎ ስትጫወቱ አትቸኩሉ፣ ግን ደግሞ ዳኛው ለማጥቃት አትሞክሩም ብሎ ለማስጠንቀቅ እጁን ሲያነሳ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቀራችሁ አራት ቅብብል ነው። ስድስት እየቆጠሩ ኳስ የሚነጠቁ ቡድኖች ዛሬም አሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከበረኛ ውጪ ስድስት ቦታ በ60 ደቂቃ ሲባዛ 360 ነው። ዋናዎቹ ስድስት 38፣ 38 ደቂቃ ቢጫወቱ ለሌሎቹ ስድስት 22፣ 22 ይደርሳቸዋል። አንዲት የተጎዳች ልጅ ወንበር ላይ ደብተር ይዛ መግቢያና መውጫውን ትመዝግብ። ጨዋታው ሲያልቅ ከስሟ አጠገብ ዜሮ የተጻፈባት ካለች፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት አንዷ እሷ ትሁን።