የረጋው ደም ሳንባዬ ሲደርስ ጌታ ደረሰልኝ

ጌታ ስሙ ይባረክ! ልጄን በኦፕራሲዮን ከወለድኩ በኋላ እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። በተለይ አራስ የምትሆኑና አራስ የምትጠይቁ እህቶች ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

የምንኖረው ጅማ ሄርማታ ነው። እማዬ ልታርሰኝ ከአጋሮ መጥታ፣ ገንፎውም አጥሚቱም ሳይጓደልብኝ፣ "ብርድ ይመታሻል" እየተባልኩ ከአልጋ ሳልወርድ ከረምኩ። አንድ ቀን ግራ እግሬ ከበደኝ። ማታ ላይ ባቴ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ሲነካ ይሞቅ ነበር። ቀኙ ግን ደህና ነው። ጠያቂው ግማሹ ምች ነው፣ ግማሹ ብርድ ነው አለ። በማግሥቱ ጠዋት የሚያሹ እናት ተጠርተው መጡ፣ ቅቤውም ቀረበ።

እማዬ "እጅዎን ከማሳረፍዎ በፊት እንጸልይ" አለቻቸው። እማዬ መጸለይ ከጀመረች ቶሎ አትጨርስም። ገና አሜን ሳንል ሆስፒታል አዳር ተረኛ የነበረችው ጎረቤታችን ሲስተር ልትጠይቀኝ ገባች። እግሬን ገልጣ አየችና "እንዳይነካ! እንዳታሹት! ደም ረግቶ ይሆናል፣ ከታሸ ተነቅሎ ይሄዳል" ብላ ጮኸች። እኚያ እናትም ምንም ሳይከፋቸው ቅቤውን ከደኑና "አላህ ያሽርሽ ልጄ" ብለው እስከ ባጃጁ ድረስ ደገፉኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ትንፋሼ ድንገት አጠረ። አየር በሳብኩ ቁጥር ደረቴን ይወጋኛል፣ ዓይኔ ጨለመ። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገልኝ፣ የረጋው ደም እንዳይጨምር የሚያግደው የሄፓሪን መርፌ ተጀመረልኝ። ዶፕለር አልትራሳውንዱ ጭኔ ውስጥ ባለው የደም ሥር የረጋ ደም አሳየ፤ በሲቲ ስካን ሲታይ ደግሞ ቁራጩ ተነቅሎ ሳንባዬ ገብቷል።

ሐኪሙ ለባለቤቴ በትዕግሥት አስረዳው። ነፍሰ ጡር ስትወልድ ብዙ ደም እንዳይፈሳት ደሟ ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት ይዘጋጃል። በዚያ ላይ ኦፕራሲዮንና ተኝቶ መክረም ሲጨመር አደጋው ይብሳል፤ ከወለዱ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ዋነኞቹ ናቸው። ከእግር የተነቀለው ቁራጭ ሽቅብ ወጥቶ በቀኝ የልብ ክፍል ያልፍና ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። ክረምት አዌቱ ሲሞላ ግንድ ድልድዩ ሥር ተሰንቅሮ ውኃውን እንደሚያግደው ማለት ነው። የታገደው ደም ኦክስጅን አያገኝም፣ ልብም ለመግፋት ትታገላለች። ልብ ከደከመች ደግሞ ኩላሊትና አንጎልም ይጎዳሉ። ደሙ የሚረጋው ወደ አንጎል በሚሄድ የደም ሥር ላይ ከሆነ ስትሮክ ያመጣል፣ የልብን ጡንቻ በሚመግበው ላይ ከሆነ የልብ ድካሙ ሳይሆን ድንገተኛው የልብ ሕመም ይከሰታል።

ያን ሌሊት ልቤ በኃይል ትመታ ነበር። ባለቤቴና የጸሎት ኅብረታችን እህቶች ግቢው ውስጥ ሆነው አደሩ። እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ጨቅላ እናት አታሳጣው" ስትል ይሰማኛል። እኔ ድምፅ ማውጣት ስላቃተኝ በልቤ "ላጥባው፣ ላሳድገው" ብቻ እል ነበር። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሼ ረጋ አለ። ሐኪሙ ጠዋት አይቶኝ ልቤ መረጋጋቷን ነገረን። እማዬ እዚያው ተንበረከከች።

ከወጣሁ በኋላ አንዳንድ ወገኖች "ጌታ ፈውሶሻል፣ ኪኒኑን ተዪው" አሉኝ። በዚህ አልተስማማሁም። ሐኪሙ እንደነገረን ሄፓሪኑም ሆነ በኋላ የዋጥኩት ዋርፋሪን የረጋውን ደም አያሟሙም፤ እንዳይጨምር ያግዱታል፣ ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ ነው። ታዲያ ያንን ኃይል በሰውነቴ ያኖረው ማነው? ሲስተርንስ በዚያች ደቂቃ በደጃችን ያመጣት ማነው? ኪኒኑን ስውጥም አመሰግነው ነበር። ቢያንስ ለ3 ወር መወሰድ ያለበት ነውና የደም ምርመራዬንም ሳላቋርጥ፣ ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ስለሚቀንስ እሱንም አንድ ሰሞን አብዝቼ አንድ ሰሞን ሳልተው ጨረስኩ። ልጄንም እያጠባሁ ነው የወሰድኩት፤ ዋርፋሪን ማጥባትን አይከለክልም።

አሁን እግሬ ደህና ነው፣ ትንፋሼም ሙሉ ነው። ሌላ ልጅ ቢሰጠን ገና ከመጀመሪያው ለሐኪም መናገር እንዳለብኝና መከላከያ መርፌ እንደሚያስፈልገኝ ተነግሮኛል። እማዬ ከወዲሁ ለዚያ መጸለይ ጀምራለች። ክብሩን ሁሉ ጌታ ይውሰድ!