ፊት ለፊቱ

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ምክንያቱን እንዳትጠይቁኝ። የግንቦት ሙቀት ይሆናል። ወይ ደግሞ ትናንት ታናሽ እህቴ ደውላ የነገረችኝ ነገር። እሱን እደርስበታለሁ።

ለማንኛውም የበር ማጠፊያ ልገዛ ወጣሁ። ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርደው መንገድ ላይ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። አደጋ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ የዚያን ፎቅ አረንጓዴ መረብ እያወረዱለት ነው። ስንት ዓመት ተከናንቦ ከርሞ ዛሬ ተገለጠ፣ እንደ ሙሽራ። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ነው። መሐሉ ላይ ወርቅማ ክላዲንግ ሰያፍ ወርዶበታል። ቁመቱንስ ተዉት፤ አዲስ አበባ ካለው 209 ሜትር የንግድ ባንክ ፎቅ ጎን ቢያቆሙት የጥበቃ ቤቱ ነው የሚመስለው።

ፍርዱ ወዲያው ተጀመረ። የባጃጁ ልጅ «ፍሪጅ ነው እንዴ የሠሩት?» አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናዋን ጥላ ወጥታ «ኧረ ዱባይን መሰልን!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጋቢ የደረቡ አንድ አባት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ትንሽ አዩትና «አንዷ ፀሐይ መች አነሰችንና ሁለተኛ ጨመሩልን» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔስ? ለባጃጁ ልጅ «እውነትህን ነው» አልኩት። ለቡናዋ ልጅም «በጣም ያምራል» አልኳት። ሁለቱንም ከልቤ ነው።

እዚያው ቆሜ ለኢንጂነሩ ደወልኩለት። (ገና ሦስተኛ ዓመት ነው። እኛ ቤት ግን ከተመዘገበ ቀን ጀምሮ ኢንጂነር ነው።)

«አክስቴ፣ ፋሳዱ ወዴት ነው የዞረው?»

«ወደ ሐይቁ ነዋ።»

ሳቀ። ሐይቁ ለእኛ ሰሜን ነው። እኛ ያለንበት ላይ ደግሞ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ክረምቱን ደመናው ይይዛታል። ግንቦትን ግን ያ ሁሉ መስታወት ሲጋገር ይውላል። «ከዚያ ውስጥ ያለው ሰው መጋረጃ ይዘጋል» አለኝ። ሐይቁን ለማየት መስታወት ገጥሞ፣ በመስታወቱ ምክንያት ሐይቁን ሳያይ መዋል! ለንደንም ሰዉ ዎኪ ቶኪ የሚለው፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ፎቅ አለ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 ገና እየተሠራ ሳለ የፀሐዩን ነጸብራቅ ሰብስቦ መንገድ ዳር የቆመ ጃጓር ላይ ለቀቀበት። የመኪናው አንዳንድ ክፍሎች ቀለጡ። በኋላ ጥላ ገጠሙለት። «የእኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ አትስጊ» አለኝ። እኔ እኮ ዓይኔ ባጃጆቹ ላይ ነበር።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው ነገሩን ያበላሸው። «ፋሳድ ማለት እኮ ፊት ማለት ነው፣ አክስቴ።»

ፊት። ማጠፊያውን ረሳሁት።

ልጆች ሆነን አባባ ለየካቲት 16 በጀልባ ዘጌ ይዞን ይሄድ ነበር፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ከውጭ ብታዩት ትልቅ ክብ ጎጆ ነው። ሥዕሉ ሁሉ ውስጥ ነው፤ መቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች። በላዔ ሰብን ስለምፈራው በአባባ ጋቢ ቀዳዳ ነበር የማየው። ጫማህን አውልቀህ፣ ተሳልመህ ካልገባህ አንዱም አይታይህም። ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ቤት። የድሮ ሰው መንገደኛው ምን ይለኛል ብሎ አልተጨነቀም።

እንዲህ እያልኩ በሆዴ ሰባኪ ሆኜ ሳለ የራሳችን ቤት ትዝ አለኝ።

ታናሿ የዛሬ ሁለት ዓመት የላከችው ገንዘብ ለአራቱም ግድግዳ ነበር። ሲሚንቶ ተወደደ። ከዚያ የእማማ ሕመም መጣ። ከዚያ… ብቻ የፊቱን አስለሰንኩ። ክሬም ቀለም አስቀባሁት። በሩ ግራና ቀኝ ጽጌረዳ ተከልኩ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፤ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እዚያችው ቦታ ቆሜ ነው የምነሳው። አንድ ጊዜ በቪዲዮ እያወራን «እስቲ ጓሮውን አሳዪኝ» ስትለኝ ኔትወርክ ተቋረጠ። (አልተቋረጠም።)

በጓሮ በኩል ምርጊቱ ረግፏል። ማገሩ እንደ ከሳ በሬ ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ዶሮዋ እንቁላል ትጥላለች፤ እኔም ስለተመቸችኝ ትቼላታለሁ። የጓሮ በሩ አንድ ማጠፊያ ነው የቀረው። ሌላውን በሽቦ አስሬዋለሁ።

ትናንት የነገረችኝ ይኸው ነው። ትኬት ቆርጣለች። በሰኔ ትመጣለች።

ሱቅ ሳልደርስ ተመለስኩ። ፎቁ ጋ ስደርስ ግን እግሬ ዝም ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ጀርባው ብሎኬት ነው። ልስን እንኳ አልነካውም፤ በየመጋጠሚያው ሲሚንቶው ተዝረክርኮ ደርቋል። የሚያሳፍር ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አመሻሽ ላይ መልእክት ላከችልኝ። «እንደ ድሮው ጓሮ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን አይደል?»

እስካሁን አልመለስኩላትም። በሰኔ ዝናብ ጓሮ አይወጣም ልበላት?