ዊ ዩ ለምን መደርደሪያ ላይ ቀረ

በ2012 የገና ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ጌም መሸጫ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ሳይሰለች መመለስ ነበረበት፦ ይሄ ካርቶኑ ላይ ያለው ስክሪን ቤት ካለን ዊ ጋር ይሠራል ወይ? ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጆቹ ዊ የተባለውን የኒንቴንዶ የጌም ማሽን ገዝቷል፤ ማሽኑ ቴሌቪዥኑ ሥር አሁንም አለ፤ አዲሱን ዕቃ የሚያየው እንደ ተጨማሪ ጆይስቲክ ነው። ሻጩ «አይ፣ ይሄ ራሱን የቻለ አዲስ ማሽን ነው» ሲለው ቀጣዩ ጥያቄ ይከተላል፦ ታዲያ ከድሮው በምን ይለያል? መልሱ የሚረዝመው እዚህ ላይ ነው። ባንኮኒ ላይ መልሱ የረዘመ ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ ይህን አዲስ ኮንሶል (የጌም ማሽን)፣ ዊ ዩን፣ ኅዳር 18 ቀን 2012 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አወጣ (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኅዳር 30 አውሮፓ፣ ታኅሣሥ 8 ጃፓን ገባ። ታኅሣሥ እስኪያልቅ 3.06 ሚሊዮን ወጣ፤ ለጅምር የሚያሳፍር አልነበረም። ጉዱ የመጣው በዓሉ ሲያልፍ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት 2013 የወጣው 390 ሺህ ገደማ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ደግሞ በመላው ዓለም 160 ሺህ ብቻ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ከጃፓንና ከአሜሪካ አህጉር ውጭ የሄደው 10 ሺህ ነው። ይህን ቁጥር ለማንበብ አንድ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው የሚቆጥረው ለሱቆች ያስረከበውን እንጂ ደንበኛ ቤቱ ያስገባውን አይደለም። ስለዚህ 10 ሺህ ማለት አውሮፓ ውስጥ ገዢ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ ሱቆቹ የገና ክምችታቸው ስላላለቀላቸው ማዘዙን ተዉት ማለት ነው። ሱቅ ከኮንሶሉ ከራሱ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ትርፉ ያለው ከጎኑ በሚሸጡት ጌሞች፣ ጆይስቲኮችና ኬብሎች ላይ ነው። የማይንቀሳቀስ ኮንሶል ቦታ ይይዛል፤ የሱ ጌሞችም አብረውት ቦታ ይይዛሉ፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ወደ ኋላኛው መደርደሪያ ይገፋሉ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚደፈድፈው ስሙ ላይ ነው። መሠረት አለው። ሰኔ 2011 ሎስ አንጀለስ ላይ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቅ መድረኩ ላይ ጎልቶ የታየው ባለ ስክሪኑ ጆይስቲክ፣ ማለትም ጌምፓዱ ነበር፤ ዋናው ሳጥን አንድ ሁለት ጊዜ ከጎን ብልጭ ብሎ አለፈ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ጋዜጠኞች እንኳ አዲስ ኮንሶል ይሁን የዊ መለዋወጫ ግራ ገብቷቸው ወጡ። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታም ደንበኞች ዕቃውን ስክሪን የተጨመረለት ዊ አድርገው እንዳዩት በኋላ አምነዋል። ሳጥኑን ብታዩትም የሚለየው ነገር አልነበረም፦ ያው ለስላሳ ጠርዝ፣ ያው የዲስክ ማስገቢያ ከፊት፣ ትንሽ ረዘም ያለ። የድሮው የዊ ሪሞትም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠው ሴንሰር ባርም እዚሁ ላይ ይሠራሉ። ለነባሩ ደንበኛ ውለታ ነው ተብሎ የታሰበው ይህ ነገር «ያው ዊ ነው» የሚለውን ጥርጣሬ አጸናው።

እንዲያም ሆኖ ስሙ ብቻውን ይህን ያህል አይጎዳም። «ዊ 2» ቢባል የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀርልን ነበር፤ ሁለተኛው ግን ይኖራል። ዋናው ችግር ጌምፓዱ ነው።

ዕቃውን በእጅ ይዞ ማየት ይበቃል። ስክሪኑ 6.2 ኢንች፣ ጥራቱ 854 በ480፣ የሚሠራው በጫና ነው፤ ጠበቅ አድርገው ሲነኩት ይሰማል፣ ሁለት ጣት በአንዴ ግን አይለይም። አይፓድ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ወላጁ ራሱ ስልኩ ላይ በሁለት ጣት ፎቶ እያሰፋ ያያል። ባትሪው 1,500 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ሲሆን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይቆያል፤ የራሱ ቻርጀር አለው፤ ስለዚህ ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሶኬት ይፈልጋል። ምስሉ ከሳጥኑ በሽቦ አልባ መንገድ ነው የሚመጣለት፤ እዚያው ሳሎን ውስጥ አስደናቂ በሆነ ፍጥነት ይሠራል (የምህንድስናው ክፍል ለዚህ ምስጋና ይገባዋል)፣ ግድግዳ ተሻግሮ መኝታ ቤት ሲገባ ግን ይቆራረጣል። ራሱን ችሎ የሚሠራ ታብሌት የመሰለው ሰው ይዞት ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም።

ሱቅ ውስጥ ለማሳየትም አስቸጋሪ ነበር። የማሽኑ ምርጥ ጨዋታ አንዱ ሰው ጌምፓዱን ይዞ ሲደበቅ ሌሎቹ ቴሌቪዥኑን እያዩ የሚያሳድዱበት ዓይነት ነው። ይህን ለማሳየት ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል አራት አምስት ሰው ይፈልጋል። አሳዳጆቹ የሚይዙት የዊ ሪሞት ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ዊ ያልነበረው ቤተሰብ ለያንዳንዱ ሪሞት 40 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ጌምፓድ ሁለተኛ ልግዛ ቢባል አሜሪካ ውስጥ ለብቻው አይሸጥም፤ በሁለት ጌምፓድ መጫወት እንደሚቻል በ2012 የተነገረ ቢሆንም ያን የተጠቀመ ጌም አልወጣም። እናም ሻጩ ለብቻው ለመጣ ደንበኛ ማሳየት የሚችለው ካርታና የዕቃ ዝርዝር ከቴሌቪዥኑ ወደ እጅ መውረዱን ብቻ ነው። ለዚህ ማን 350 ዶላር ይከፍላል?

ዋጋው ሁለት ዓይነት ነበር። ነጩ 8 ጊጋባይት በ300 ዶላር፤ ጥቁሩ 32 ጊጋባይት፣ አንድ ጌም ጨምሮ፣ በ350። ነጩን የገዛ ሰው ሲስተሙ የያዘው ቦታ ሲቀነስ የሚተርፈው 3 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ጌም ዳውንሎድ አደርጋለሁ ካለ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መግዛት አለበት። ሃርድ ዲስኩ ኃይሉን ከዩኤስቢ ብቻ የሚወስድ ከሆነ አንድ ቀዳዳ አይበቃውም፤ ሁለት ቀዳዳ የሚይዝ ኬብል ወይም የራሱ አዳፕተር ያለው ዲስክ ያስፈልጋል። ይህን ሳይነግር የሸጠ ሱቅ በማግስቱ ቅሬታ ይሰማል። በዚያው ወቅት የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ 360 ከ200 ዶላር ጀምሮ ይገኝ ነበር፤ ዊ ዩ ይዟቸው ከመጣው ጌሞች ብዙዎቹ እዚያም አሉ።

የካርቶኑ መከፈትም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ማሽኑ መጀመሪያ ሲበራ ከኢንተርኔት የሚወርድ አፕዴት ይጠይቃል፤ በጥሩ መስመር እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ እስከነአካቴው ሊበላሽ ይችላል። ልጅ በገና ጠዋት ከፊቱ ተቀምጦ ይህን አስቡት። ካለቀ በኋላም ከጌም ወጥቶ ወደ ዋናው ገጽ ለመመለስ ሃያ ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበር፤ ሚያዝያ 2013 በወጣ አፕዴት ነው የተሻሻለው። ሱቆች ማድረግ የሚችሉት ለናሙና የሚቆመውን ማሽን ቀድመው ማዘመን፣ ለገዢውም በዋዜማው ማታ አብርተህ ተኛ ብሎ መምከር ነበር።

ዋጋውን ቶሎ ቢቀንሱስ? ኒንቴንዶ ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ2011 በእጅ የሚያዘው 3ዲኤስ በ250 ዶላር ወጥቶ ሲቆምበት፣ በአምስተኛው ወር ላይ ወደ 170 አወረደው፤ ማሽኑ ነፍስ ዘርቶ በመጨረሻ 75.94 ሚሊዮን ተሸጠ። ዊ ዩ ላይ ያ አልሆነም፤ ምክንያቱ እንደገና ጌምፓዱ ነው። ማሽኑ ገና ሲወጣ በኪሳራ ነበር የሚሸጠው፤ ውድ የሆነውን ስክሪን፣ ባትሪና የሽቦ አልባ ክፍል ከካርቶኑ ማውጣት አይቻልም፤ ካወጡት ዊ ዩ የሚለየው ነገር አይኖርም። መስከረም 2013 ጥቁሩን በ50 ዶላር ቀነሱለት፤ ከዚያ በታች መውረድ ከበዳቸው። በዚያ ላይ 3ዲኤስን ያዳነው ቅናሹ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የማሪዮ ጌሞች ተከታትለው ደረሱለት።

ዊ ዩን ጌም ናፈቀው። በጌም ሠሪው ጠረጴዛ ላይ የሆነው ከባንኮኒው የባሰ ነው። ፕሮሰሰሩ የድሮውን ዊ ጌሞች እንዲያጫውት ሲባል ከዚያው ዘር የመጣ፣ ባለ ሦስት ኮር፣ 1.24 ጊጋኸርዝ ነበር። ራሙ 2 ጊጋባይት፣ ግማሹ ለሲስተሙ የተያዘ። የምስል ክፍሉ ከፕሌይስቴሽን 3 የተሻለ ቢሆንም ፕሮሰሰሩ ስለዘገየ፣ ለኤክስቦክስ 360 የተጻፈ ጌም እንዳለ ሲመጣ ይንቀራፈፋል፤ ሥራውን ከፕሮሰሰሩ ወደ ምስል ክፍሉ እያዛወሩ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ስክሪን ሌላ ምስል ከፈለገ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም ነው። በዚያ ሰሞን የሠሩ ምዕራባውያን ገንቢዎች የተናገሩት ሌላ ጣጣ አለ፦ ኮድ ለመገጣጠም የሚፈጀው ጊዜ ረጅም ነበር፤ ለሚጠይቁት ቴክኒካዊ ጥያቄ መልስ የሚያገኙት ጥያቄው ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ፣ የኒንቴንዶ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ኪዮቶ ደርሶ፣ መልሱ እንደገና ተተርጉሞ ሲመለስ ነው። ተከታይ ጥያቄ ካለ ያው ዙር ይደገማል።

ይህን ሁሉ ለ50 ሚሊዮን ገዢ የሚታገሥ ኩባንያ ይኖራል፤ ለ3 ሚሊዮን ግን የለም። የፊፋን ጌም ያወጣ የነበረው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2011 መድረክ ላይ ወጥቶ ታይቶ የማይታወቅ ትብብር እንደሚኖር ቃል ገባ፤ ግንቦት 2013 ላይ ለዊ ዩ በሥራ ላይ ያለ ጌም እንደሌለው ተናገረ። ፊፋ 13 ወጣ፤ ፊፋ 14 ለዊ ዩ አልመጣም። አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ የዓመቱ ፊፋ የማይገኝበትን ማሽን ማን በሰዓት ይከራያል? ሌላው የጌም አሳታሚ ዩቢሶፍትም ለዊ ዩ ብቻ ተሠርቶ ያለቀውን ሬይማን ሌጀንድስ የካቲት 2013 ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አዘግይቶ፣ መስከረም ላይ ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር አንድ ላይ ለቀቀው። ያን ጌም ብለው ማሽኑን የገዙ ሰዎች ምን እንዳሉ መድገም አያስፈልግም።

የኒንቴንዶ የራሱ ጌምስ? ባለ ከፍተኛ ጥራት ምስል መሥራት ለነሱ አዲስ ነበር፤ ማይክሮሶፍትና ሶኒ ከ2005 እና 2006 ጀምሮ የለመዱትን ሥራ ኒንቴንዶ የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ለአንድ ጌም የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ካሰቡት በላይ ሆነ። ፒክሚን 3 ማሽኑ በወጣበት ሰሞን ይደርሳል ተብሎ ሐምሌና ነሐሴ 2013 ላይ ደረሰ። ትልቁ የማሪዮ ጌም አሜሪካ የገባው ኅዳር 22 ቀን 2013 ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 በወጣ በሳምንቱ፣ ኤክስቦክስ ዋን በወጣበት በዚያው ቀን። አንድ ዓመት ብቻውን ገበያውን የያዘ ማሽን ያንን ዓመት በባዶ አሳለፈው።

ጥር 2014 ላይ ኩባንያው የዓመቱን ግምት ከ9 ሚሊዮን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደ። ኢዋታ ለአምስት ወር ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ፤ የማሪዮ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶና ሌላው ከፍተኛ ኃላፊ 30 በመቶ፣ የቀሩት የቦርድ አባላት 20 በመቶ። ዝቅተኛውን ሠራተኛ ማሰናበት ሞራል ይሰብራል የሚል አቋም ነበራቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ቀጣዩ ማሽን ያ ሳይሰናበት የቀረው ሠራተኛ የሠራው ነው።

ዊ ዩ ምርቱ ጥር 2017 ሲቆም 13.56 ሚሊዮን ላይ ነበር፤ የድሮው ዊ 101.63 ሚሊዮን። በመጋቢቱ ቀጣዩ ማሽን፣ ስዊች፣ ወጣ። የዊ ዩ ባለቤቶች በጣም የወደዱት ነገር ቴሌቪዥኑ ሲያዝ ጌሙን በእጅ መቀጠል ነበር፤ ስዊች እሱን ብቻ መዞ አወጣና ኮምፒውተሩን ራሱን ስክሪኑ ውስጥ ከተተው። ጥቅምት 2016 የወጣው የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ሰውየው ቤቱ ይጫወታል፣ ማሽኑን ከመቀመጫው ይነቅላል፣ ይዞት ይወጣል። ባንኮኒ ላይ ሻጩ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ነቅሎ ያሳያል፣ መልሶ ይሰካል። በውስጥ አሠራርም በ2015 የጌም ሠሪ ክፍሎቹን አዋሕደው ነበር፤ ለቤትና ለእጅ ማሽን ተከፋፍሎ የነበረው ጉልበት ወደ አንድ ማሽን ገባ።

ማሪዮ ካርት 8 ዊ ዩ ላይ ግንቦት 2014 ወጥቶ 8.46 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ከማሽኑ ባለቤቶች ከግማሽ በላይ ገዝተውታል ማለት ነው። ያው ጌም፣ ጥቂት ነገር ተጨምሮለት፣ ስዊች ላይ ከ60 ሚሊዮን አልፏል።