መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ዶዙን

እንቅርቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን እውጣለሁ፣ ዕድሜ ልክ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሙሉ በሙሉ ስለወጣ ሰውነቴ በራሱ የሚያመርተው የታይሮይድ ሆርሞን የለም። ያለኝ በኪኒን የገባው ብቻ ነው፣ ያውም አንጀቴ የተቀበለውን ያህል። ነገሩ ሁሉ የተያያዘው ከዚህች የመጨረሻዋ ጋር እንደሆነ የገባኝ ዶዜ ሊቀየር ሲል ነው።

የደም ምርመራዬ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ መጣ። ቲኤስኤች ሲጨምር ሆርሞን አነሰ ማለት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ፒቱታሪ እጢ ልጇ ሲዘገይባት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደምትጣራ እናት ናት። ጩኸቷ ቲኤስኤች ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ትጮሃለች፣ ሲበቃ ዝም ትላለች። አብዛኛው ላብራቶሪ ደህና የሚለው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለውን ነው። የእኔ ከዚያ በላይ ነበር። ለነገሩ ወረቀቱ ሳይመጣም ያስታውቅ ነበር፤ አዳማ በግንቦት ሙቀት ሰው ሁሉ ማራገቢያ ስር ሲሻማ እኔ ጋቢ ፍለጋ እነሳ ነበር። ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የፊት ማበጡ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው።

ዶዙ ወዲያው ከ100 ማይክሮግራም ከፍ ይላል ብዬ ነበር የሄድኩት። ሐኪሟ ግን ቀድማ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዱት? ከዚያ በኋላስ ምን ይበላሉ?» ነገርኳት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኪኒን፣ ትንሽ ቆይቶ ቡና፣ ከቁርስ ጋር ካልሲየም። ካልሲየሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘልኝ ነው። «በሉ እንግዲህ መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል፣ ዶዙን ከዚያ እናየዋለን» አለችኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካልሲየምና የደም ማነስ ኪኒን፣ አይረን የሚባለው፣ ሆድ ውስጥ ከታይሮይድ ኪኒኑ ጋር ይጣበቁና እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። ስለዚህ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ቡናም የሚመጠጠውን ይቀንሳል። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ መድኃኒቶችም አሲዱን ስለሚቀንሱ ኪኒኑ በደንብ እንዳይሟሟ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የምትወስዱ ካላችሁ ሳታቋርጡ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጣል፣ ከዚያ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ምንም አይቀመስም።

ካልሲየሙን ወደ ምሳ ማዛወር ቀላል ነበር። ቡናው ነው ያስቸገረው። እኛ ግቢ ጀበናው ጠዋት በጊዜ ነው የሚጣደው፣ እትዬ ጎረቤቴም «ነይ ልጄ፣ አቦሉ ሊያልፍሽ ነው» ሲሉ እምቢ ማለት ይከብዳል። «ኪኒን ደግሞ ቡና ይፈራል እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። እኔም ቡናውን ከመተው ይልቅ ኪኒኑን ቀደም አደረግኩት። ከመኝታዬ ስነሳ 12 ሰዓት ላይ በውሃ እውጥና ልብስ አጥቤ፣ ቤት ጠርጌ፣ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ እሄዳለሁ። አሁን እሳቸው ራሳቸው ከመቅዳታቸው በፊት «ሰዓትሽ ደረሰ?» ይሉኛል።

ከዚያ መጠበቅ። የዚህ ሆርሞን ግማሹ ከደም ውስጥ ለመውጣት 7 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ የቀየራችሁት ነገር ደም ውስጥ ተረጋግቶ የሚታየው ከ5 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ቲኤስኤችን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ መለካት ብር ማባከን ነው። በመሃል ግን ሰው ይጨነቃል፣ ዘመድ ሁሉ ሐኪም ይሆናል፣ አንዱ ጎመን ተይ ይላል፣ ሌላው ዶዙን ራስሽ ጨምሪው ይላል። እኔ ደብተር ያዝኩ። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴን፣ እንቅልፌን፣ ክብደቴን ብቻ።

ውጤቱ ወረደ፣ ግን በቂ አልነበረም። ያኔ ነው 25 ተጨምሮልኝ 125 የገባሁት። ሰዓቱን ሳናስተካክል ዶዙ ቢጨመር ኖሮስ? ይሄን ሳስብ የሚያስፈራኝ ዓቢይ ጾም ነው። ዶዙ ቡናውን እንዲያሸንፍ ተብሎ ከፍ ይልና ጾም ሲገባ የጠዋት ቡና ይቀራል፣ ቁርስም ይቀራል፣ ኪኒኑ በደንብ ይመጠጣል፤ ያኔ ሳይታሰብ ሆርሞን ይበዛል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ሲቆይ ደግሞ የልብ ምት መዛባትና የአጥንት መሳሳት ያመጣል። ክብደት ይቀንስልኛል ብላችሁ ዶዝ የምትጨምሩ እህቶች፣ እባካችሁ ተዉት።

125 ስጀምር የበዛብኝን ምልክት ከአዳማ ሙቀት መለየት አልቻልኩም። ላብ እዚህ ከተማ ምልክት አይደለም፣ ሁሉም ያልበዋል። ስለዚህ የማምነው የልብ ምቱን ነበር። ትንሽ ከፍ ብሎ ተረጋጋ፣ ደብተሩን ለሐኪሟ አሳየኋት፣ «ይቀጥሉ» አለችኝ።

መድኃኒት ቤት ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። 125 በአንድ ኪኒን ካልተገኘ 100 እና 25 አብሮ ይሰጣል፣ ማሸጊያቸው ሲመሳሰል መቀላቀል ቀላል ነው። አንዳንዱ ካርቶን በሚሊግራም ይጽፋል፤ 0.1 ሚሊግራም ማለት 100 ማይክሮግራም ነው። የተለየ ፋብሪካ ምርት ከተሰጣችሁ ለሐኪም ተናገሩ፣ ምርመራው መደገም ሊኖርበት ይችላል። ማስቀመጫውን ደግሞ አስቡበት። ብዙው ማሸጊያ ከ25 ዲግሪ በታች ይላል፣ የአዳማ ቀትር ደግሞ እሱን አይሰማም። እኔ ከወጥ ቤት አውጥቼ ፀሐይ የማያገኘው መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት።

ጾሙ ሲመጣ ሐኪሟን አማክሬ ወደ ማታ አዛወርኩት። የታመመ ሰው እንዳይጾም እንደሚፈቀድ አውቃለሁ፣ የንስሐ አባቴም ነግረውኛል፤ ግን ጠዋት ውሃ መጠጣቱ ለእኔ ደስ አላለኝም። ማታ መውሰድም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ከመኝታ በፊት የወሰዱት ሰዎች የሆርሞን መጠናቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ሁኔታው ግን ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል መቆየት ነው። እራት 1 ሰዓት፣ ኪኒን 4 ሰዓት። በመሃል ቆሎ የለም፣ ወተት የለም፣ እንግዳ ቢመጣም የለም። ካልሲየሙን ሐኪሟ በቀን ወደ አንድ ጊዜ ቀንሳው ስለነበር ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ከ9 ሰዓት በኋላ እወስደዋለሁ።

የረሳሁ ቀን ሲያጋጥም በማግስቱ ሁለት አልውጥም። አንድ ቀን ቢዘለል ደም ውስጥ ያለው ወዲያው አያልቅም።

ለምርመራ ሲሄዱ ጠዋት የሚወስዱ ሰዎች ደም ከሰጡ በኋላ ነው የሚውጡት፤ እኔ አሁን ማታ ስለሆንኩ ያ ጣጣ ቀርቶልኛል። ፀጉርና ጥፍር ያሳድጋል የሚባለውን ባዮቲን ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙ፣ ውጤቱን ያዛባዋል። ሁሌም አንድ ላብራቶሪ መሄድም ያዋጣል፣ ቁጥሩን ካለፈው ጋር ለማወዳደር።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ማታውን አልተውኩም። ዶዙ አሁንም 125 ነው። በማታው ሰዓት 6 ሳምንት ሲሞላኝ ደም እሰጣለሁ፣ ቲኤስኤቼ ከ0.4 በታች ከወረደ 25ቷ ትነሳለች ወይስ አትነሳም የሚለውን ያኔ ከሐኪሟ ጋር እናየዋለን።