ያላበው ክምር

የድርቆሽ ክምራችን ያላበው በስድስተኛው ቀን ማታ ነው። በረት ልዘጋ ወጥቼ ባትሪ ሳበራበት ከጫፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ድስት የተጣደበት ይመስላል። ሞኝነቴ፣ ደስ አለኝ። «እየደረቀ ነው» ብዬ አባባን ጠራኋቸው። መጡና ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ሰደዱ። ወዲያው መልሰው አወጡት።

«ምድጃ ነው እንዴ የሠራህልኝ?» አሉ።

የዚያን ዓመት ድርቆሽ «ለእኔ ተዉልኝ» ብዬ የተረከብኩት እኔው ነበርኩ። አባባ ወገባቸውን እያመማቸው ነበር። ያሉን አምስት ላሞች ናቸው፤ ከባድ ሥራ አልመሰለኝም። ሣሩ በደንብ ይደግ፣ ባንድ ጊዜ ይታጨድ፣ ዝናብ ሳይመጣ ቶሎ ይከመር። ዕቅዴ ይኸው ነበር። አንዱም አልሠራም።

ሣሩ ራስ አውጥቶ ማበብ ሲጀምር መታጨድ ነበረበት። እኔ ግን «ትንሽ ይጨምር» እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩት። መጨመሩንስ ጨመረ፤ የጨመረው ግን አገዳ ነው። ሣር ዘር መቋጠር ሲጀምር ጉልበቱን ወደ ዘሩ ይልካል። ግንዱ ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል፤ ዘሩም ገና ሲታጨድና ሲገለባበጥ መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል። ክምሩ ትልቅ ሆኖ ዓይን ይሞላል፣ ላሟ የምትበላው ግን ከገለባ እምብዛም አይሻልም። ይህን ከሁላችን ቀድማ ያወቀችው እማዬ ናት፤ የምታልበው እሷ ስለሆነች።

ዋናው ጥፋቴ ግን ማድረቁ ላይ ነው። እህቴና እኔ ሜዳውን በሙሉ ባንዴ አጭደን ጨረስን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ደመና ከበደ። ቅጠሉን ጨበጥ አደረግኩት፣ ተንኮሻኮሸ። «በቃ ደርቋል» ብዬ ሁላችንንም አጣደፍኩ። እስኪመሽ ከመርን። ዝናቡም ሳይዘንብ ደመናው ተበተነ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፣ ሰውን የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ውሃው ያለው ግንዱ ውስጥ፣ በተለይ አንጓው ላይ ነው። አሁን ታጭዶ የወደቀ ሣር ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውሃ ነው። ሳይበላሽ የሚቀመጥ ድርቆሽ ግን ወደ 15 መውረድ አለበት፤ 20ን ካለፈ ጣጣ ነው። እርጥቡ ሲከመር ሻጋታና ባክቴሪያ ውስጡ ይባዛሉ፣ ሲባዙ ሙቀት ያወጣሉ። ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ አደጋ ላይ ነን ማለት ነው። ከዚያም ብሶ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል።

ያን ሌሊት አራታችንም መንሽ ይዘን ክምሩን አፈረስነው። እኔ አናቱ ላይ ወጥቼ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ይዘገንነኛል። በጣም የጋለ ክምር ውስጡ ተቃጥሎ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የቆመበት ሰው ሰምጦ ይገባል። ሲፈርስ ደግሞ አየር ያገኝና ቦግ ሊል ይችላል። እኛን ያተረፈን ገና ያን ያህል አለመጋሉ ነው። መጀመሪያ ሙቀቱን መለካት፣ በጣም የጋለ ከሆነም ሳይነኩ እሳት አደጋ መጥራት እንደሚገባ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሲነጋ የታየው ነገር ይገርማል። ዳር ዳሩ ደህና ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ነክቶ ስለነበር ነጭ ሻጋታ ይዟል፣ ሲነካ አቧራው ይቦናል። መሃሉ ደግሞ እንደ ትምባሆ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ላሞቹ የሻገተውን አሽትተው ተዉት። ቡናማውን ግን ተሻምተው በሉት! «ይኸው ተረፈ» ብዬ ልኩራራ ስል ወተቱ ወረደ። ለካ ሙቀቱ ፕሮቲኑን ስለሚያስረው ላሟ ብትበላውም አይፈጭላትም። ጣፈጣት እንጂ አልጠቀማትም። የሻገተውን አውጥተን ጣልነው። ከብት ያስወርዳል፣ አቧራውም የሰው ሳንባ ይጎዳል። እህቴ ሳምንቱን ሙሉ ስታስል ከረመች።

በማግስቱ ዓመት ሥራውን በቁጥር ጀመርኩ። ላሞቻችን በአማካይ 300 ኪሎ ናቸው። አንዲት ላም በቀን ከክብደቷ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በድርቆሽ ሲሰላ 9 ኪሎ ገደማ ነው። ለአምስት ላም፣ ግጦሽ ለሚጠፋበት 150 ቀን፣ 6,750 ኪሎ። ተረግጦ ለሚባክነው አንድ አሥረኛ ብጨምርበት 7,400 ደረሰ። ወረቀቱን አይተን ዝም ተባባልን። ከዚያ በፊት የምንለካው በክምሩ ቁመት ነበር።

አጨዳውን ከፋፈልነው፤ በሦስት ቀን ልናደርቅ የምንችለውን ያህል ብቻ እናጭዳለን። የምንጀምረው ጤዛው ሲረግፍ ነው። የታጨደውን ወዲያው በስሱ እንበትነዋለን። ሣር ከታጨደም በኋላ ለጊዜው በሕይወት ያለ ነገር ነው፤ እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ እስኪወርድ ድረስ የራሱን ስኳር እየበላ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ናት ወርቋ። ማታ ጤዛ እንዳይበላው በረድፍ እንሰበስባለን፣ ጠዋት መልሰን እንበትናለን። ዳር ላይ የዘራነውን አልፋልፋ የሚባል የመኖ ተክል ግን በቀትር አንነካውም። ሲደርቅ ቅጠሉ እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ ምግቡ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው። እሱን የምናገላብጠው ጠዋት፣ ገና ለስለስ እንዳለ ነው።

መድረሱን ለማወቅ ዓይኔን ማመን ትቻለሁ። አንድ እፍኝ ይዤ እንደ ገመድ አጠመዝዛለሁ፤ ግንዱ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው፣ እርጥበት ካወጣ ገና ነው። ግንዱን በጥፍሬ እፍቃለሁ፤ ልጡ ከተላጠ ገና ነው። ካልተማመንኩ ጨው አለ። የተቆራረጠ ድርቆሽ ክዳን ባለው ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እከትና፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሬ ሁለት ደቂቃ እንጣለሁ። ጨው ከተያያዘ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። እህቴ «ቡና ቤት ከፈትክ» ትለኛለች፤ ጠርሙስ ይዤ ሜዳ ላይ ስዘፍን ስታየኝ።

ክምሩን ትተን ወደ ቤል፣ ማለትም ተረግጦ በሲባጎ ወደሚታሰር የድርቆሽ እሽግ ገባን። ማሽን የለንም። በሁለት በኩል ክፍት የሆነ የእንጨት ሳጥን ገጣጠምን፦ ርዝመቱ 85፣ ወርዱ 55፣ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ሲባጎ ከሥር ይነጠፋል፣ ድርቆሹ ይሞላል፣ በእግር ይረገጣል፣ ይታሰራል፣ ሳጥኑ ወደ ላይ ይነሳል። አንዱ 20 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። 370 ቤል ማለት ስንት ረገጣ እንደሆነ ጉልበቴን ጠይቁት። ትርፉ ግን መቁጠር መቻላችን ነው፤ ቆጥረን እናስገባለን፣ ቆጥረን እናወጣለን። የምናስቀምጠውም ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር፣ አየር እንዲያልፍ በመሃል ክፍተት እየተውን ነው።

አባባ ደግሞ የራሳቸውን ነገር ጨመሩበት። ረጅም የብረት ዘንግ በቤሎቹ መሃል ይሰካሉ። ቆየት ብለው ይመዙትና ይነካሉ፤ እጅ ላይ አላስቆይ ካለ ችግር አለ ማለት ነው። እኔ ቴርሞሜትር ልግዛ ብዬ ነበር፣ «እጄ ምን ሆነ?» አሉኝ።

ዘንድሮ በስድስተኛው ቀን ማታ ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ። ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጨለማው ውስጥ ዘንጉን ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ቆመዋል።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። «ሂድ ተኛ።»